ሁለተኛው ሽምግልና

ትምህርት ያቆምሁት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ስድብ ግን አንድም አልረሳሁም። ማን፣ የት፣ በማን ፊት እንደ ሰደበኝ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው የጋሽ ኢያቄም ነው። ልጃቸውን ዓለምእሸትን ብዬ ሽማግሌ ብልክ፣ «ልጄን ለበቅሎ ጎታች አልድርም» ብለው ከሆቴላቸው ደጅ መለሱብኝ። ቃሉን ይዞልኝ የመጣው አጎቴ አረጋ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። መጀመሪያ ከኮን የመጡ ሁለት ዘመዶቻችንን አስከትሎ ሄደ። እነሱ ወዳገራቸው ተመለሱና «ቀሪውን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ሁለተኛ ሄደ፣ ሦስተኛ ሄደ፤ የያዘልኝ መልስ ያው አንድ ነው። በቅሎ ጎታች።

ዓለምእሸት ደሴ ሄደች። ተማረች፣ አገባች፣ ትዳሩም አልሆነላትም፣ ፈታች። እኔ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም እያወጣሁና እያወረድሁ ከበቅሎዎቼ ጋር ሸበትሁ። አምና ደግሞ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆና ተመልሳ መጣች። እግዜር ሊቀልድብኝ ሲፈልግ እኔን የምትከታተል እሷ ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ድርጅት መጥቶ ከየሰፈሩ ሰው መረጠ፤ አስጎብኚ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ እኔንም ጨምሮ። የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ ዕርዳታ ይባላል። ልቡ የታመመ ሰው ስታይ እንዴት ትቀርባለህ፣ እንዴት ትሰማለህ፣ ወዴት ትልካለህ፤ ይኸን አስተማሩን። ሰርተፊኬት ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን፣ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ «ምን ገጠማችሁ?» ያለን የለም። ሕዝቡ ግን ሰምቷል። መንገድ ላይ የበቅሎዬን ልጓም ይዞ፣ «አያ እሱባለው፣ አንተ ተምረሃል አሉ፤ ልጄ በቁሙ ይባንናል፤ ምን ላድርገው?» ይለኛል። እኔስ ምን አውቄ? ጤና ጣቢያ ሂድ እላለሁ። ይሄድ አይሄድ እግዜር ይወቅ።

ዓለምእሸት ስትመጣ ሰበሰበችን። በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ሰው ገበያ ከወጣበት ሳይመለስ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ወይራ ሥር እንቀመጣለን። የገጠመንን እንናገራለን፤ እሷ ታዳምጣለች። ከዚያ መንገድ ታሳየናለች። እንቅልፍ የነሳውን ወደኔ አምጡት፤ ባሏ የሚደበድባትን ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ጽጌማርያም አለችላት፤ ጠበል ላይ ላለው ቄስ ገብረ መስቀል አሉ፣ ጠበሉን ሳያስተዉት መድኃኒቱንም ያስውጡታል፤ ከወገል ጤና ወይም ከኮን ለመጣ ደግሞ እዚያው ቅርቡ ማን እንዳለ ንገሩኝና ልፈልግ። መጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን አናደደኝ።

«ከአሸተን የላክኸው ሰውዬ ደረሰ?»

«ላክሁት አልሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«መላክህን ሰምቻለሁ። ደረሰ ወይ?»

አልተከታተልሁትም ነበር። በልቤ ግን፣ የኢያቄም ልጅ አይደለሽ፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል፣ አልሁ።

ከመጣች ጀምሮ እርስዎ እላታለሁ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ነው የምወረውርባት። በአንዱ ወር ቅዳሜም እንደዚሁ ሆነ።

«እሱባለው፣ ወሩ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ፣ ሲስተር?»

አስጎብኚው ውባንተ አላስቻለውም። «እርስዎ! ኧረ ጎበዝ፣ ወደፊትማ ብፁዕነትዎ ሳይላት አይቀርም!»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያች አስተያየቷ ያልተለወጠች ናት፣ ስታይህ አንገቷን ወደ ግራ ጥቂት ሰበር ታደርጋለች። ያን ጊዜ ልቤ ከእጄ አምልጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

ያን ጊዜ ላሊበላ ላሊበላ ነበረች። ለገና ፈረንጁ አልጋ አጥቶ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል፤ መንገዱ በቋንቋ ይንጫጫል። ለአስተርእዮ ማርያም የእናቷን ስለት ጥላ ይዛ አሸተን ልትወጣ ዳማዋን በቅሎዬን ተከራየች። ወጣት ነበርን። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ በቅሎዋ አልረግጥ ስትል ወረደችና በእግሯ ሄደች፤ ጦስኝ እየቀጠፈች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ነፋሱ ሽታውን እኔ ላይ ይደፋዋል።

«ስምህን ማን አልኸኝ?»

«አልነገርሁሽም።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ንገረኛ!»

ከዚያ ወዲያ ፈረንጅ አስከትዬ በሆቴላቸው ሥር ባለፍሁ ቁጥር እሷ ፎቅ በረንዳው ላይ አንሶላ ታሰጣለች። ነጩ አንሶላ ከዳር ይገለጥና ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል። ለእኔ ከአሥራ አንዱ ቤተ መቅደስ የበለጠ የሚጎበኝ ነገር እሱ ነበር፤ ቱሪስቶቼ አያውቁም እንጂ። አሁን በዚያ በረንዳ የሚሰጣ አንሶላ የለም። ሆቴሉም ባዶ ነው፣ መንገዱም ባዶ ነው፣ እኔም።

በዚያ ቅዳሜ ሁላችንም የሆዳችንን ተናግረን ስንጨርስ ተነሥታ «በሉ ደህና ግቡ» ትለናለች ብለን ስንጠብቅ እንደ ተቀመጠች ቀረች።

«እኔም አንድ ጉዳይ አለኝ» አለች። «እናንተን ወዴት እንደምልክ አውቃለሁ። እኔ ግን የምሄድበት ጠፍቶኛል።»

ውባንተ ቀልዱን ዋጠ።

«አባባ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ምግቡ እንዳለ ይመለሳል። ሰሞኑን ደግሞ ዕቃውን ማደል ጀምሯል። ጋቢውን ለዘበኛው ሰጠ፣ መቋሚያውን ለደብሩ ሰጠ። ‹ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል› ይላል።»

ዕቃውን የሚያድል ሰው ምን እያሰበ ሊሆን እንደሚችል ሥልጠናው ላይ ተነግሮናል።

«ነርስ ሆኜ ብጠይቀው ‹ልጄ ነሽ፣ ዝም በይ› ይለኛል። ልጁ ሆኜ ባለቅስ ‹አንች ነርስ አይደለሽም ወይ?› ይለኛል። ባልደረባዬ ሂሻም ጋ እንዳልወስደው በእኔ ቃል አይወጣም፤ ለእሱ የምሆነው ሦስተኛ ሰው የለኝም።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ያ በኩራት ደረቱን የነፋ ሰው ከቤት መውጣት እንኳ አቃተው አልሁ። ከዚያ እጆቿን አየሁ። መንገድ የምታሳየንባቸውን እጆች ጉልበቷ ላይ አጣምራ ይዛቸዋለች። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ እንሂድ» አሉ ቄስ ገብረ መስቀል። «እኔ፣ ውባንተ፣ እሱባለው።»

«አባቴ፣ አንድ ሰው ይበቃል እኮ። ሥልጠናውም የሚለው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው ያስደነግጠዋል» አለች።

«ልጄ፣ ሥልጠናው ከሩቅ ነው የመጣ። በዚያ አገር አንድ ሰው ይበቃ ይሆናል። እዚህ ትልቅ ሰው ቤት ለቁም ነገር ብቻውን የሚገባ ገንዘብ ሊበደር ነው ይባላል።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ትሄዳለህ?»

«በቅሎ ጎታች እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ሲስተር።»

«ምን ማለት ነው?»

«አባትዎን ይጠይቋቸው።»

ፊቷ ላይ ንዴት ጠበቅሁ፤ እፍረትም ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ያየሁት ግን ግራ መጋባት ብቻ ነው። እንዲህ አሳምራ ታስመስላለች እንዴ አልሁ። ግን ያ ፊቷ ገበያተኛው መሀል ተከተለኝ፤ ቤቴ ድረስም አልለቀቀኝ።

የሄድሁት ለደግነት አይደለም። ያን ደጅ በእግሬ ልረግጠው ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሦስታችንም ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ቄሱ መስቀላቸውን፣ ውባንተ ዘንጉን ይዘን ከሆቴሉ በር ቆምን። የአትክልቱ ቦታ በአረም ተውጧል።

«ቤቶች!» አሉ ቄሱ።

ቆይቶ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ።

ጋሽ ኢያቄም እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የክፍሎቹ ቁልፎች ሁሉ በምስማራቸው እንደ ተሰቀሉ ናቸው። ከስተዋል። እኔ በቂም ከማውቃቸው ሰውዬ ግንባራቸው ብቻ ነው የተረፈ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቴ» አሉ።

ቄሱ ከልማዳቸው የተነሣ፣ ከሥልጠናው ሳይሆን፣ «ቆመን የምንናገረው ጉዳይ አለን» አሉ።

ጋሽ ኢያቄም ቀና አሉ። መስቀሉን አዩ፣ ዘንጉን አዩ፣ ነጩን ልብሳችንን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። ጠረጴዛውን ተመርኩዘው ተነሡ። ዓይናቸው ውስጥ አንዳች ነገር በራ።

«ጉድ ነው!» አሉ። «ዘንድሮ ሙሽራው ራሱ ነው ሽማግሌ ሆኖ የመጣ?»

ውባንተ ሳቁን በሳል አፈነው።

«ኧረ ጋሽ ኢያቄም፣ እኛ እንኳ የመጣነው…» አሉ ቄሱ።

«ቆይ!» እጃቸውን አነሡ። «እኔ ልቅደም። ይኸን ሁሉ ዘመን የት ነበራችሁ? አረጋ አንድ ጊዜ መጣ። ቤቴ እንግዳ ሞልቶት ደጅ አቆምሁት፤ አጥፍቻለሁ። ‹ልጅቱ ገና ናት፣ ለፋሲካ ተመለሱ› አልሁት። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚባልበት አገር የት አለ? በጉን አስሬ፣ ጠላውን አስጠምቄ ጠበቅሁ። ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ዝር ያለ የለም! ይች ልጅ በረንዳ ላይ ቆማ መንገድ ስታይ ዓይኗ ቀላ። ‹አንድ ጊዜ ልኮ የሚቀር ወንድ ምን ዓይነት ነው?› ብዬ፣ እንድትረሳህ ብዬ፣ ደሴ የሰደድኋት እኔ ነኝ።»

አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። «‹ለበቅሎ ጎታች አልድርም› አላሉም?»

«ምን?»

«‹ልጄን ለበቅሎ ጎታች አልድርም› አላሉም?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ይኸን ቤት ሳልሠራ ከወልድያ ጨው የምጭነው በምን ላይ መሰለህ? በጫንቃዬ?»

የጓዳው በር ላይ ዓለምእሸት ቆማለች። የሰማችው ከየት ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እኔን ታየኛለች፤ አንገቷ ሰበር አላለም፤ ትክ ብላ ነው። አረጋን እንዳልጠይቀው አፈር ተጭኖታል። ደጅ ቢያቆሙት ተቀየመ፤ ስድቡንም ከራሱ ፈጠረ፤ ለቂሙም የእኔን ዕድሜ ከፈለበት። በዚያች ቅጽበት ሁለታችን መሀል ያለፈው ዘመን ሁሉ እንደ ጎርፍ ሲያልፍ ተሰማኝ፤ ማዶና ማዶ ቆመን የምናይ ብቻ።

ቄሱ ክንዴን ነኩኝ። የመጣንበትን አትርሳ ማለታቸው ነው። አዎ፣ እኔ ለራሴ የማለቅስበት ሰዓት አልነበረም።

«ጋሽ ኢያቄም» አልሁ፤ «ለልጅዎ አይደለም የመጣነው። ለእርስዎ ነው።»

የበራው ነገር ከፊታቸው ጠፋ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔም ወንበር ስቤ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎናቸው ተቀመጥሁ፤ እንደ ተማርነው።

«ዕቃዎን እያደሉ ነው አሉ።»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ሥልጠናው ላይ፣ ከፈራችሁት በግልጽ ጠይቁ ተብለናል፤ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይጨምርም፣ ይልቅ በሩን ይከፍትለታል ተብለናል። ለመናገር ግን በዚህ አገር አፍ ይከብዳል።

«ራስዎን ሊያጠፉ አስበው ያውቃሉ?»

ቄሱ አማተቡ። የጓዳው በር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ዓለምእሸት ተደግፋው ነው።

ጋሽ ኢያቄም መዳፋቸውን እያዩ፣ «እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ። «አስቤያለሁ።»

አይዞዎ አላልሁም። አይባልምም፤ አይዞህ ስትለው ሰው አፉን ይዘጋል። ዝም ብዬ ጎናቸው ሆንሁ። ያን ጊዜ ተናገሩ። በየጠዋቱ አልጋውን ሁሉ እንደሚያነጥፉ፣ ማንም ያልተኛበት አንሶላ እንደ ሬሳ እንደሚቀዘቅዝ፣ በየክፍሉ የነበረው ሳቅ አሁንም ግድግዳው ውስጥ እንደሚሰማቸው። «እኔ ሰው የማስተናግድ ሰው ነበርሁ» አሉ። «ሰው ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ?» ጥያቄው የእኔም ነበር።

«ታዲያ የት ልሂድ?» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ጋ? ልጄ ላይ ይኸን ልጣልባት?»

የምንልክበትን ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ከዓለምእሸት ጋር የሚሠራ ሂሻም የሚባል ባለሙያ አለ። ከደሴ ነው የመጣ፤ እርስዎን አያውቅዎትም፣ እሱ ላይ ቢጥሉበት አይሰበርም። ዛሬ ተረኛ ነው። ተነሡ፣ አብረን እንሂድ።»

«ሰው ያየኛል።»

«ይይዎት!» አለ ውባንተ። «ወጡ ተብሎ ከተማው እልል ይላል፣ ጋሼ። ሞቱ እየተባለ አይደል የከረመው!»

ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ተነሡ።

ጤና ጣቢያ ጋሽ ኢያቄም ሂሻም ጋ ገብተው በሩ ሲዘጋ ቄሱና ውባንተ ደጅ ወጡ፤ እኔና ዓለምእሸት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ቀረን። ነጩን ጋዋኗን አልለበሰችም። የታማሚ ቤተሰብ ነበረች፤ እንደ ማንኛችንም።

«አረጋን ስንት ጊዜ ላክኸው?» አለች ሳታየኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ…» መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። «እኔ እኮ አንድ ጊዜ ልኮ ተወኝ ብዬ ነው ያገባሁ። ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ደረሰ ወይ፣ ደረሰ ወይ ስል የምኖር ሴት! የራሴን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ…»

«እርስዎ አትበለኝ፣ እሱባለው! ዛሬ እንኳ አትበለኝ።»

«አንች» አልኋት። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ይኸን ቃል ለሃያ ዓመት ያህል አፌ ውስጥ አስሬ ኖሬያለሁ፤ ሲወጣ አመመኝ።

«ስድቡን ይዤ አረጀሁ» አልኋት ቆይቼ። «ለእሱ ስል ሌላ ሰው አላየሁም። አሁን ደግሞ የተሳደበ ሰው የለም ትሉኛላችሁ። ይኸን ሁሉ ቂም ወዴት ላድርሰው?»

ለሁሉ መንገድ የምታሳይ ሴት ለዚህ የምታሳየኝ ቦታ አጣች።

በሩ ተከፈተና ሂሻም ወጣ። ጋሽ ኢያቄም መድኃኒት እንደሚጀምሩ፣ ነገም ተነገ ወዲያም እንደሚያያቸው፣ እስከዚያ ግን ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነገረን። ቄሱና ውባንተም ከደጅ ተመልሰው ሰሙ፤ ቄሱ ለማታ እኔ አለሁ አሉ፣ ውባንተ ጠዋቱን ያዘ፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ገቡ። ሂሻም ግን እዚያው ቆሞ ወደ እኔ ዞረ።

«የሰማኸው ቀላል አይደለም። አንተስ፣ ደህና ነህ?»

በዚህ ዕድሜዬ ይኸን የጠየቀኝ ሰው የለም። «እንጃ» አልሁ።

«እንግዲያው ማክሰኞ ናና እንነጋገር። እናንተም ሰው ናችሁ።»

ሄደ። ዓለምእሸት እንባዋን በነጠላዋ አበሰች። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ለቄሱና ለውባንተ ስለ ጨው ንግድ እያወሩ ነው።

«እሱባለው።»

«አቤት።»

«አባባ ዳነ እንበል። ያን ጊዜ ማንን ትልካለህ?»

«ማንንም አልልክም። ራሴ እመጣለሁ።»

እጇን አግዳሚው ላይ፣ ከእጄ አጠገብ አኖረች። አልነካኋትም፤ መነካካትም አላስፈለገን። ሙቀቷ በእንጨቱ በኩል ይደርሰኝ ነበር፤ እኔም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቂም የምቆጥርበት ሰው አጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስሁ።